ሰባቱን የዋጠ

ማተሚያ ቤታችን ውስጥ ጋሼ ቃል በቃልን የማያውቅ ሰው የለም። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ግን፣ ፋይል ክፍል ከምትሠራው ሴትዮ በቀር፣ ያለ አይመስለኝም። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ አይደለሁም፤ እኔ ብሆን ኖሮ የባሰ ነበር የማወጣው። አንድ ሰው ከሚያነበው ላይ አንዲት ቃል ዘለለ እንደሆነ፣ ሻይ ላይ የሚያወራውን ወሬ እንኳ አሳጥሮ ካወራ፣ «ቃል በቃል ንገረኝ እንጂ ልጄ፣ ምን ያሯሩጥሃል» ይሉታል። ስሙ ከዚያ ነው የመጣው።

የምናትመው የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ተረት፣ ግጥም፣ ሥዕል ያለው ታሪክ። ጭራቁ፣ ብልጧ ጥንቸል፣ ጠፍታ የተገኘችው ልጅ፣ ሁሉም በእኛ እጅ ያልፋሉ። ጋሼ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እነዚህን ጮክ ብለው አንብበዋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ወለል ጠራጊ ሆነው ገቡ፤ መጥረጊያቸውን አስደግፈው የተጣለ ወረቀት ሲያነቡ የያዛቸው የዚያን ጊዜው አለቃ ወደ ላይ አወጣቸው። ለልጅ ግን አንብበው አያውቁም። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ያነበቡት ከእኔ በፊት ለነበሩት አራሚዎችና ለእኔ ነው።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላው በኮምፒውተር ተጽፎ የመጣውን ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይከተላል፤ የሰማውና ያየው ካልተስማማ ወረቀቱን ያርማል። አንባቢው ነጥቡንም ሰረዙንም ይጠራል። «አንድ ጭራቅ ነበረ አራት ነጥብ ስሙን የሚጠራ ሁሉ ነጠላ ሰረዝ ይንቀጠቀጥ ነበረ አራት ነጥብ» እየተባለ ነው የሚነበበው። ጋሼ ጭራቁ ሲመጣ ድምፃቸውን ያወፍራሉ፤ አራት ነጥቡንም በጭራቁ ድምፅ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ አላስቆም ብሎኝ ሁለት ጊዜ አስወጥተውኛል።

የክፍላችን ሕግ አንድ ነው፤ ተከታዩ ዋናውን ጽሑፍ አያይም። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ካለ ሁለቱንም ያሳስታል ይላሉ። «አንቺ ጆሮሽን እመኚ፣ እኔ ዓይኔን አምናለሁ» ነበር ጋሼ የሚሉኝ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራን።

ዓይናቸው እንደከዳቸው ያወቅሁት መስኮት ልዘጋ ስነሳ ነው። ዝናብ እየገባ ነበር። እሳቸው የጥንቸሏን ተንኮል እያነበቡ፣ እኔ ከኋላቸው ዞሬ መስኮቱን ስስብ፣ ዓይኔ እጃቸው ላይ አረፈ። የያዙት የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ነበር። ጽዳቷ ጠረጴዛውን ስትወለውል ወረቀቶቹን አቀያይራቸዋለች። ጋሼ የፈቃድ ቅጽ ላይ አፍጥጠው የጥንቸሏን ንግግር ከነድርብ ሰረዙ ይወርዱታል። ሳቅም መጣብኝ፣ ፍርሃትም መጣብኝ፤ ፍርሃቱ አሸነፈ። ቀስ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማንበባቸውን አቆሙ። «አየሽ አይደል?» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«እንዳንቺ ያለ ቁጡ ሰው ዝም ካለ አንድ ያየው ነገር አለ።»

ከዚያ ነገሩኝ። የዓይናቸው ጅማት እየሞተ ነው፤ ሐኪሙ አይመለስም ብሏቸዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ። «ሰው መሆንሽ ይታየኛል፤ አንቺ መሆንሽን የማውቀው ግን በኮቴሽ ነው» አሉኝ። መዳከም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ እስከ ቅርብ ጊዜ በአጉሊ መነጽር ያነቡት ነበር። የድሮዎቹን ተረቶች በሙሉ በቃላቸው ስለሚያውቁ፣ ገጹ የት እንደሚያልቅ እንኳ ስለማይስቱት፣ እየገለጡ ሲወርዱት ኖረዋል። እኔ ደግሞ ማዶ ተቀምጬ፣ ዓይን አለኝ ባይዋ፣ አላወቅሁም።

«ለአለቃ ትነግሪያለሽ?» አሉኝ።

«ምን አገባኝ?» አልኳቸው። አፌ ክፉ ነው፤ ሆዴ ግን እንደ አፌ አይደለም።

«እዚህ ክፍል ውስጥ አንባቢ ነኝ። ከዚያ በር ስወጣ ዕውር ነኝ። በሩን አታስከፍቺብኝ ልጄ» አሉ። ያን ያሉበት ድምፅ የጭራቁም የጥንቸሏም ድምፅ አልነበረም።

እንዲህ ሆነና የእሳቸው ምስጢር የእኔም ሆነ። አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሕጉን ጥሼ፣ አነብላቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ ከሰሙት ሦስተኛውን ራሳቸው ይሉታል፤ ሰረዝ አይስቱም። ይህን ጭንቅላት የሰጠ አምላክ ዓይኑን ለምን እንደነሳቸው እሱ ይወቀው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። የክፍላችንን ኃላፊ ኮቴ የለሽ ነው የምንለው፤ የሚያደርገው ጫማ ታቹ ላስቲክ ስለሆነ ሲመጣ አይሰማም። ጋሼ ሰውን ሁሉ በኮቴው ይለያሉ፣ እሱን ብቻ አይለዩትም። ስለዚህ በሩ ላይ ጥላ ባየሁ ቁጥር የምስለው እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ሳንባዬ የታመመ መስሎት ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ከብዙ ዘመን በፊት ያተምነው የተረት መጽሐፍ እንደገና ይታተም ተባለ። ሠላሳ ተረት፣ ሥዕሎቹ በአዲስ የተሠሩ። ዋናው ጽሑፍ ሆኖ የተሰጠን የድሮው መጽሐፍ ራሱ ነው፤ አርታኢዋ የምትለውጠውን ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። በኋላ ነው ያወቅሁት እንጂ ያኔ አላየሁትም፤ ለእሳቸው ካላነበብኩላቸው በቀር ዋናውን አላይማ። ጋሼ መጽሐፉን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ፈገግ አሉ። «እሱንማ ተኝቼም አነበዋለሁ። ምሳሽን በሰላም ብዪ» አሉኝ። እኔም እሰየው ብዬ ምሳዬን በላሁ። ጥፋታችን ከዚያ ይጀምራል።

ከሠላሳዎቹ አንዱ ፈሪዋ ልጅ የሚባለው ነው። ጥላዋን ሳይቀር የምትፈራ ልጅ ጫካ ውስጥ ትጠፋለች። የጭራቁን ደጅ ሳታልፍ ቤቷ መድረስ አትችልም። አጥር ላይ የተቀመጠች ወፍ ታያትና ታዝንላታለች፣ እንዲህም ብላ ትዘፍንላታለች፤

ቀይ ፍሬ ከአጥር ሥር፣ ዓይኗን ተኳኩላ፣
ሰባቱን የዋጠ፣ አይፈራም በኋላ።

ልጅቷ ፍሬውን ፈልጋ ሰባቱን ትውጣለች፤ ከዚያ በጭራቁ ደጅ እየዘፈነች ታልፋለች። ጋሼ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚወዱት ይህን ግጥም ነው። ያቺ ቀይ ሆና ጥቁር ነጥብ ያለባት፣ አጥር ላይ የምትጠመጠም ሐረግ የምታፈራት ፍሬ ናት፤ ሰው እየበሳ ለአንገት ጌጥ ያደርጋታል። «ተኳኩላ ያለው ሰው ፍሬዋን አይቷታል» ይላሉ።

ይህን ተረት ያረምንበት ቀን ኮቴ የለሽ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሳልኩ። አልሄደም። በዚያ ወር ሥራችሁ ዘገየ እያለ ሁለት ጊዜ አንጎራጉሮ ነበርና ሊያዳምጠን ነው የመጣው። ክንዱን አጣጥፎ የበሩን ክፈፍ ተደገፈ። ጋሼ ሳሌን ሰምተው መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው ጠጋ አደረጉና ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ «ወፏም እንዲህ አለች ሁለት ነጥብ ቀይ ፍሬ ከአጥር ሥር ነጠላ ሰረዝ…»

ፊቴ ያለው ወረቀት ግን ሌላ ነው የሚለው፤

ንጹህ ውኃ ከምንጭ፣ በእፍኙ ቀድቶ፣
ሰባቴ የጠጣ፣ አይፈራም ከቶ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። የኮምፒውተር ጸሐፊዋ ፊደል ትገድፋለች፣ መስመር ትዘላለች፤ ግጥም ግን ገጥማ አታውቅም። አንድ ሰው ሆን ብሎ የለወጠው ነገር እንደሆነ ልቤ አውቋል። ማድረግ የነበረብኝ «ጋሼ፣ እስኪ አንድ ጊዜ ይመልከቱት» ማለት ብቻ ነው። ካልኩ ግን መጽሐፉን አይተው መልስ ሊሰጡኝ ነው፤ የተጻፈውን ከገጹ ላይ ሊያነቡ ነው፤ ያም ሰውዬ ክንዱን አጣጥፎ እያየ ነው። ጋሼ ወደ ቀጣዩ መስመር ሄዱ፤ «ልጅቷም ሰባቱን ፍሬ ለቅማ ዋጠች አራት ነጥብ» አሉ። ወረቀቴ «ሰባት ጊዜ ጠጣች» ይላል። ሦስቱንም መስመር በቀይ ሰረዝኩና የሰማሁትን ጻፍኩ። ኮቴ የለሽ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

በኋላ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። በኋላ ሲመጣ ነገ አልኩ። ነገ ሲመጣ ሌላ ሥራ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መልሱን መስማት ፈራሁ። አርታኢዋ ወልዳ ቤቷ ነበረች፤ ከእኛ በኋላ ያየው ሰው የለም።

መጽሐፉ ታትሞ ሐሙስ ዕለት ወጣ። አራት ሺህ ቅጂ ለአርባ ትምህርት ቤት ተጭኖ ሄደ። ለሠራተኛው እንደ ልማዱ አንዳንድ ተሰጠንና ለልጄ ይዤላት ገባሁ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ አይቀራትም። አባቷ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለታችን ብቻ ነን።

ዓርብ ማታ ራት እየሠራሁ መጽሐፉን ይዛ ወደ ማድ ቤት መጣች።

«እማዬ፣ ሥዕሉ ላይ ልጅቷ ውኃ ነው የምትጠጣው። ጽሑፉ ደግሞ ፍሬ ዋጠች ይላል። የቱ ነው ልክ?»

ማማሰያው በእጄ እንዳለ ዞርኩ። ሥዕሉን አየሁት፤ ልጅቷ ምንጭ ዳር ተንበርክካ በእፍኟ ትጠጣለች። አቤት ያኔ የተሰማኝ። የሚገርመው ግን እንዲያ ደንግጬም የመጣልኝ ነገር ራሴን ማዳን ነው።

«ጽሑፉ ነው ልክ። ሠዓሊው ነው የተሳሳተው» አልኳት።

«እሺ» ብላ ሄደች። ልጄ እናቷ የምትለውን ታምናለች።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን። ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ የድሮውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወጣሁ። ያን መጽሐፍ ከፍቼ ያየሁት ገና ያን ቀን ነው። የግጥሙ ገጽ ጠርዝ ላይ፣ ከአዲሱ ግጥም በታች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፤ «ይህ ፍሬ መርዝ ነው። በፊተኛው እትም የተነሳ አንድ ሕፃን ቀምሶት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ግጥሙም ታሪኩም በውኃ ይለወጥ። ሥዕሉ በአዲስ ተሠርቷል። አደራ።»

አደራ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ጋሼ ሲገቡ በሩን ዘግቼ ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ኮፍያቸውን እንኳ አላወለቁም። «ስንት ትምህርት ቤት?» አሉ። «አርባ» አልኳቸው። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አንዳች ነገር ይፈልግ ጀመር፤ ምን እንደሚፈልጉ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

«አሁኑኑ እንንገረው» አልኩ።

«ሰኞ» አሉ። «ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ መጽሐፉ ያለው በየመጋዘኑ ነው። አንዲት እሁድ ስጪኝ። አርባ አንድ ዓመት ነው ልጄ።»

ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ እውነት ነው። አንድ መጽሐፍ ግን እኔ ቤት አለ፤ እሱ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ቤት ገብቼ ቀምቼ እደብቀዋለሁ፣ አለቀ ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ልዋሽ አልፈልግም፤ ሰኞ ሲሉኝ እፎይ ነው ያልኩት። እሳቸው ሲጠየቁ እኔም እንደምጠየቅ አውቃለሁ። ፈሪ ፈሪን ሲያገኝ ምክንያት አያጣም።

መጽሐፉን ደበቅሁት። ልጄ ግን አንብባ ጨርሳዋለች።

እሁድ ረፋዱ ላይ ልብስ ሳሰጣ አጥሩ ጋ ተቀምጣ አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ጎረቤታችን አጥር ላይ ያች ሐረግ አለች፤ ዘጠኝ ዓመት በአጠገቧ ስመላለስ አንድ ቀን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት ከሩቅ።

«ነገ ውሻውን እንዳልፈራው» አለች። ወደ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ አንድ በር ላይ የታሰረ ውሻ አለ፤ ባየችው ቁጥር ቀሚሴ ውስጥ ነው የምትገባው። «አራት ነው ያገኘሁት። ሦስት ይቀረኛል።»

እንዴት እንደደረስኩባት አላውቅም። አፏን ከፍቼ ጣቴን ከተትኩ፤ ምንም የለም፣ ውጣዋለች። አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ፍሬው ሳይሆን የእኔ ፊት ነው። ተሸክሜያት ሮጥኩ። ጫማዬ አንደኛው እግሬ ላይ ብቻ እንደነበረ ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ነው የነገረኝ።

ነርሷ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ የፍሬውን ስም ስትሰማ ግን እርጋታዋ ጠፋ። «አኝካዋለች ወይስ ውጣዋለች?» አለችኝ።

ልጄ እያለቀሰች «ዋጥኩት። የዋጠ ነው የሚለው» አለች።

«ሳታኝኪ? አንዱንም?»

«ቃል በቃል ነው» አለች ልጄ። ይህን ከእኔ ነው የሰማችው።

ነርሷ ነገሩን ገልጣ ነገረችኝ። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ካልተሰበረ እንዳለ ያልፍ ይሆናል። ከተሰበረ አንዱም ለሕፃን ይበቃል። ሕመሙ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። መድኃኒት ሰጧትና አልጋ አስያዙን፤ ከዚያ ነርሷ አንድ ፖፖና እንጨት ሰጠችኝ። «አራቱም ሲወጡ ማየት አለብሽ። ቁጠሪያቸው፤ ቅርፊታቸውንም እዪ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ለጋሼ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ልጄ ዋጠችው» አልኩ። ስልኩን ማን እንደዘጋው አላስታውስም።

እንግዲህ ሥራዬ ማረም ነው፤ ሰው የሳተውን መፈለግ ነው እንጀራዬ። እንደዚያን ቀን ግን ፈልጌ አላውቅም። ሆዷን በቆረጣት ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች፤ ሳይቆርጣት ሲቀር ደግሞ ለምን ዝም አለ ብዬ እፈራለሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለት አገኘሁ፤ ቀይ እንደሆኑ፣ ጥቁር ዓይናቸው እንዳለ። አጥቤ በወረቀት ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ወጣ። አራተኛው የለም።

ልጄ ተኝታ ሳለ ኮቴ የለሽ ደወለ። ጋሼ በጠዋት ቢሮው ገብተው መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ጠርዙ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ፤ እኔ አላይም» ብለውታል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎታል። ከዚያ ሁሉንም ነግረውታል፤ የእኔን ግን አልነገሩትም። «እሷ የሰማችውን ነው የጻፈችው፤ ጥፋቱ የአንባቢው ነው» ብለዋል። ወደ አርባውም ትምህርት ቤት እየተደወለ እንደሆነ ነገረኝ። «ልጅሽ እንዴት ናት?» አለኝ፤ እሱም ልጆች አሉት።

«አንዱ ይቀራል» አልኩት።

አራተኛው የወጣው ማክሰኞ ሊመሽ ሲል ነው። ነርሷ በብርሃን አገላብጣ አየችው። ጎኑ ላይ ቀጭን ጭረት ነበረበት። «ቅርፊቱን አላለፈም» አለች፣ ግን አንድ ቀን ጨመረችብን። ያቺን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኳት አልነግራችሁም።

ሐሙስ ሥራ ገባሁና ኮቴ የለሽን የእኔንም ድርሻ ነገርኩት፤ ዓይናቸውን እንደማውቅ፣ ወረቀቱ ሌላ እንደሚል አይቼ ዝም እንዳልኩ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ስለነበር እንደፈራሁ። ወደ ማሸጊያ ክፍል አወረደኝ። ክፍላችን ግድግዳ ላይ «ተከታይ ዋናውን ጽሑፍ የማየት ግዴታ አለበት» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጋሼ ያንኑ ሳምንት ጡረታ ወጡ።

መጽሐፎቹ ለካ ዓርብ ዕለት ለልጆቹ ታድለው ኖረዋል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ግን ተመለሱ። ይህን ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ከጋራዥ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፣ መብራቱ ብቻ አይበራም። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

«መጽሐፉስ ተሰበሰበ» አሉ። «ግጥሙስ በምን ይሰበሰባል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አራት ቀን እጃቸው ላይ ቆይቷል። ልጅሽ በስንት ቀን ነው የያዘችው?»

«በአንድ ማታ።»

«ነገ መጥተሽ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ትወስጂኛለሽ» አሉኝ። እሺ ብዬ ተነስቼ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ፈቃድ እየወሰድኩ ክንዳቸውን ይዤ በየትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት የሄድንበት ክፍል ሃምሳ ልጅ ነበረበት። መምህሯ ጸጥ አሰኘችልን። ጋሼ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ ፊታቸውን ትንሽ ወደ ጎን አድርገው፣ «ልጆች፣ ቀይ ፍሬ ከአጥር ሥር የሚለውን የሚያውቅ አለ?» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። ሃምሳ ልጅ፣ አንዲት ቃል ሳይስት፣ እስከ መጨረሻው ወረደው። ኋላ ወንበር ላይ ያሉት በዜማ ነው ያሉት። ጋሼ ክንዴን ጨበጡት፤ ጣታቸው እስከ አጥንቴ ገባ። ቤታቸው ሆነው ሲፈሩት የከረሙትን በጆሯቸው ሰሙት።

«ያን ግጥም ያሳተምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ፍሬው መርዝ ነው። ዓይኔ አያይም። አላይም ማለት ፈራሁና ዝም አልኩ። እኔ ዝም ባልኩ አንዲት እንደ እናንተ ያለች ልጅ አራት ዋጠች።»

«ሞተች?» አለች ፊት የተቀመጠች ልጅ።

«አልሞተችም። በጥርሷ ነክሳው ቢሆን ግን ትሞት ነበር።»

አንድ ጥርሱ የወለቀ ልጅ እጁን አወጣ። መምህሯ ፈቀደችለት። «ታዲያ አሁን አትፈራም?» አለ። ሌሎቹም ማወቅ የሚፈልጉት እሱን ነበር።

ጋሼ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። «ትፈራለች። መብራት ሳይበራ አትተኛም። እኔም እፈራለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እናንተም ፍሩ። ፈሪ ለእናቱ።»

ልጆቹ ሲሰዳደቡ የሚባባሉት ነገር ስለሆነ ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። እኔም የልጄ ፊት መጥቶብኝ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ስንወጣ ደወል ተደወለና ልጆቹ ወደ ሜዳው ፈሰሱ። ሁለት ሴት ልጆች ገመድ እያዞሩ ነበር፤ የምትዘለዋ ምን እያለች እንደምትዘል ጋሼ ከእኔ በፊት ሰሙት። ቆሙ። መምህሯ ወደ ልጆቹ ስትሮጥ አየሁ።

«ስንት ትምህርት ቤት ቀረን?» አሉኝ።

«ሠላሳ ሁለት።»

«እንፍጠን» አሉና፣ መንገዱን ሳያዩት፣ ቀድመውኝ እርምጃቸውን ጀመሩ።